ቱርቦ መኪና ባሕር ዳር ላይ ሲቱን፦ የተጨመረውን ጉልበት በምን እንለካ?

ጎልፍ 7 ጂቲአይ ከፋብሪካ ሲወጣ 220 የፈረስ ጉልበት አለው። መኪና የሚቱኑ፣ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር ሶፍትዌር ቀይረው ጉልበት የሚጨምሩ ሰዎች "ስቴጅ 1" (ሌላ ዕቃ ሳይቀየር በሶፍትዌር ብቻ የሚደረገው የመጀመሪያ ደረጃ) ከተጫነበት በኋላ 290 ወይም 300 ይገባል ይላሉ። ቁጥሩ ፈጠራ ነው አልልም። ግን የተለካው እዚህ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ፣ ጥሩ ቤንዚን ተቀድቶ፣ ትልቅ ፋን ከፊት ተደቅኖ ነው የሚለካው። እኛ ደግሞ የምንነዳው ጣና ዳር ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ።

ስለዚህ ጥያቄው "ወረቀቱ ስንት ይላል?" አይደለም። የእናንተ መኪና፣ እናንተ በምትቀዱት ቤንዚን፣ ባሕር ዳር ላይ ስንት ጨመረ ነው። ይህንን ለማወቅ ሰው የሚጠቀምባቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ የራስ ስሜት፣ የዳይኖ (ጉልበት በሮለር ላይ የሚለካበት መሣሪያ) ወረቀት፣ በጂፒኤስ የተያዘ ሰዓት፣ ከመኪናው ኮምፒውተር የሚወጣ ሎግ (ሴንሰሮቹ ያነበቡት የቁጥር መዝገብ)። አራቱ እኩል አይደሉም። እኔ ወደ ሎጉ አደላለሁ። ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

ምሳሌ የማደርገው ጎልፉን ነው። 140 ፈረስ ያለው ቱርቦ ስዊፍት ስፖርት ወይም ፖሎ የያዛችሁም ሰዎች ግን ነገሩ ይመለከታችኋል። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ጉዳዩን አክብጄ የማየው በምክንያት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለንን መኪና ሞተሩን ወይም ቱርቦውን ብናበላሸው "ሌላ እገዛለሁ" ማለት እንደ ድሮው አይቀልም። ለ70 ፈረስ ከፍሎ 30 ማግኘት አንድ ኪሳራ ነው። ያንን 30 ለማምጣት ቱርቦው ምን ያህል እየተሰቃየ እንደሆነ አለማወቅ ግን የባሰ ነው።

መጀመሪያ ከፍታውን እንይ

በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ዳር ላይ 82 አካባቢ ይሆናል። ስካነር ካላችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና የባሮሜትር ግፊት የሚለውን መስመር ፈልጉ። 81፣ 82 ወይም 83 ቢላችሁ ትክክል ነው። ከአየር ማረፊያ ወይም ከስልክ የአየር ሁኔታ አፕ የሚገኘውን ቁጥር ግን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተስተካክሎ ስለሚነገር ከ1,000 ሄክቶፓስካል በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሞተራችሁ የሚስበው አየር ያ አይደለም።

ቱርቦ የሌለው መኪና ከፍታውን አይደብቅም። አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይወርዳል፤ እዚህ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ቪትዝ ሙሉ ሰው ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ቱርቦ ግን ይደብቃል። የዘመናዊ ቱርቦ ሞተር ኮምፒውተር የሚያየው ፍጹም ግፊትን ነው። ማለትም የውጭው አየርና ቱርቦው የጨመረው አንድ ላይ ተደምሮ። "ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቧንቧ) ውስጥ 2 ባር ስጠኝ" ካለ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ቱርቦ አየሩን 2 እጥፍ ብቻ ይጨምቃል። ባሕር ዳር ላይ ያለው ግን ከ0.82 ባር (82 ኪሎፓስካል) ተነስቶ ነው 2 የሚደርሰው። ስታካፍሉት 2.4 እጥፍ ይሆናል። ቱርቦው የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩም የበለጠ ይሞቃል። ሹፌሩ ምንም ላይሰማው ይችላል።

አሁን ስቴጅ 1 ጫኑበት። አዲሱ ሶፍትዌር 2.4 ባር ይጠይቃል እንበል። ጠረፍ ላይ ይህ 2.4 እጥፍ ነው። እኛ ገና ምንም ያልተነካ መኪና ላይ የምንጠይቀውን ያህል ማለት ነው! ባሕር ዳር ላይ ግን ወደ 2.9 እጥፍ ይሄዳል። ቱነሩ የሚሸጥላችሁ ቱርቦው ውስጥ የተረፈውን አቅም ነው። ከዚያ አቅም ብዙውን ደግሞ ከፍታው አስቀድሞ ወስዶታል። ደመወዙ ገና ሳይገባ ለቤት ኪራይ እንዳለቀበት ሰው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጭማሪው በመካከለኛው ዙር (ሞተሩ በደቂቃ የሚሽከረከርበት ቁጥር) ላይ ጥሩ ሆኖ ይታይና ከ5,000 ዙር በላይ ይመነምናል። ትንሽ ቱርቦ እዚያ ላይ የሚጠየቀውን አየር መስጠት ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ "ከፍታ ላይ ስለሆንን ዝቅ ያለ ኦክቴን ይበቃል" የሚለው ወሬ ለናንተ አይሠራም። ቱርቦ ለሌለው ሞተር እውነትነት አለው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ማንኳኳቱም (ቤንዚኑ በሙቀትና በግፊት በራሱ መፈንዳቱ) ይቀንሳል። ቱርቦው ግን ግፊቱን መልሶ ይሞላዋል። በዚያ ላይ አየሩን አሙቆ ነው የሚያስገባው። በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ የተጻፈው የኦክቴን ቁጥር እዚህም ያው ነው።

የቡስት ጌጅ (የቱርቦ ግፊት ማሳያ) ላስገጠማችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። አብዛኛው ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። 1 ባር ሲል ባሕር ዳር ላይ በፍጹም ግፊት 1.82 ነው፤ ጠረፍ ላይ 2.01። "የእኔም 1 ባር ይመታል፣ የዱባዩም 1 ባር ይመታል" ብሎ ማወዳደር ስለዚህ አይቻልም።

ስሜት

በስሜት መፍረድ ነጻ ነው። ዋጋውም ያንኑ ያህል ነው። ብዙ ፋይሎች (የሚጫኑት ሶፍትዌሮች) የነዳጅ ፔዳሉን ያነቁታል፤ በፊት ግማሽ ስትረግጡ ይሰጣችሁ የነበረውን አሁን ሩብ ስትረግጡ ይሰጣችኋል። መኪናው "በረረ" ትላላችሁ። እስከ ታች ስትረግጡት ግን ያው ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ በ2,500 ዙር ላይ በድንገት የሚመጣ ግፊያ ጀርባን ከወንበር ጋር ስለሚያጣብቅ ከትክክለኛው በላይ ትልቅ ይመስላል። ስሜት የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። መኪናው ሲንገጫገጭ፣ ሲቆራረጥ ወይም በሙቀት ሰዓት ሲሰንፍ ቀድሞ የሚያውቀው የሚነዳው ሰው ነው።

የዳይኖ ወረቀት

ዳይኖ ጥሩ መሣሪያ ነው። መኪናው ሮለር ላይ ይቆማል፣ ይረገጣል፣ ግራፍ ይወጣል። ብዙ ሰው ክርክር ሲነሳ የሚያወጣው ይህን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን ማንበብ ለሚችል ሰው ነው የሚጠቅመው።

ትልቁ ወጥመድ ማስተካከያው ነው። የዳይኖው ኮምፒውተር የለካውን ቁጥር እንዳለ አያትመውም። "ይህ መኪና በባሕር ጠለል፣ በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ሙቀት ቢለካ ስንት ይሆን ነበር?" ብሎ ያበዛዋል። ዲን 70020 በሚባለው የጀርመን ስሌት መሠረት በ82 ኪሎፓስካል ላይ የሚበዛበት ቁጥር 1.23 ገደማ ነው። ጎማው ላይ በእውነት 180 ፈረስ የተለካ መኪና ወረቀቱ ላይ 220 ተብሎ ይወጣል።

ይህ ስሌት የተሠራው ጉልበቱ ከአየሩ ጋር እኩል ለሚወርድ ሞተር ነው። ቱርቦው ግን የጎደለውን ግፊት አብዛኛውን ራሱ ሞልቶታል። ያልጎደለውን ነገር መልሶ መጨመር ነው የሚሆነው። አይኤስኦ 1585 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሞተር መለኪያ ደንብ ራሱ ማስተካከያው ከ0.93 እስከ 1.07 ካልሆነ ልኬቱን አይቀበልም። እኛ ያለንበት ከፍታ ከዚያ ወሰን ውጭ ነው።

ስለዚህ ዳይኖ ላይ ከወጣችሁ ያልተስተካከለውን ቁጥር አትሙልኝ በሉ። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ያወጣል። በፊትና በኋላ የተለካው አንድ ዓይነት ዳይኖ ላይ፣ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት ማስተካከያ መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ ከባድ ሮለር ብቻ ያለው፣ ሌላው ብሬክ ያለው ዳይኖ ከሆነ ቁጥሮቹ አይገናኙም። ሌላም አለ። የፋብሪካው 220 የሞተር ጫፍ ላይ ነው፤ ዳይኖ የሚለካው ጎማ ላይ ነው። በማርሽ ሳጥንና በአክስል የሚጠፋው ተጨምሮ ይሁን ሳይጨመር ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። በፊት ያለው በጎማ፣ በኋላ ያለው በሞተር ተለክቶ "60 ፈረስ ጨመረ" ሲባል ማየት የተለመደ ነው።

ዳይኖ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መውጣትም ለባሕር ዳር መልስ አይሰጥም። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከተማዋም ከእኛ 500 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ይወርዳል። እዚያ የምታገኙት የአዲስ አበባን ቁጥር ነው።

ጂፒኤስ

ይህ መንገድ ፊዚክሱ ግልጽ ስለሆነ ደስ ይለኛል። የመኪናው ክብደትና ከአንድ ፍጥነት ወደ ሌላ የደረሰበት ሰዓት ከታወቀ ጉልበቱ ይሰላል።

ጎልፉ ከሹፌሩ ጋር 1,500 ኪሎ ነው እንበል። በሁለተኛ ማርሽ ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚያስፈልገው ኃይል 260 ኪሎጁል ነው። በ2.4 ሰከንድ ከደረሰ 108 ኪሎዋት ነው። ለነፋስና ለጎማ የሚጠፋውን 7 ኪሎዋት ገደማ ስትጨምሩበት 115 ይሆናል፤ በፈረስ 156። ከቱኒንጉ በኋላ በ2.1 ሰከንድ ከደረሰ 131 ኪሎዋት፣ ማለትም 178 ፈረስ። ጭማሪው 22 ፈረስ ነው። ይህ ከፍተኛው ቁጥር ሳይሆን በመሀሉ ያለው አማካይ ነው። ከመኪናው ጋር አብረው የሚሽከረከሩትን ጎማና ማርሾችም አልቆጠርኩም። ግን በፊትም በኋላም ስላልተቆጠሩ ለማወዳደር ችግር የለውም።

ችግሩ ልዩነቱ 0.3 ሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው። 0.1 ሰከንድ ብትሳሳቱ ከ6 እስከ 8 ፈረስ ተሳሳታችሁ። የብዙ ስልኮች ጂፒኤስ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ቦታውን የሚያድሰው። ለዚህ ሥራ አይሆንም። በሰከንድ 10 ወይም 25 ጊዜ የሚያነብ ለብቻው የሚሸጥ የጂፒኤስ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከሰዓቱ ሌላ መንገዱም ይሸውዳል። 1 በመቶ ቁልቁለት፣ ዓይን የማያየው ዓይነት፣ በዚህ ፍጥነት 4 ፈረስ ያህል ይሰጣችኋል። በፊት ስትለኩ ጎን ተቀምጦ የነበረው 75 ኪሎ ጓደኛችሁ በኋላ ላይ ካልመጣ 8 ፈረስ ገደማ በነጻ አገኛችሁ። በፊት ታንኩ ሙሉ፣ በኋላ ሩብ ከነበረ ሌላ 2 ወይም 3 ፈረስ። ሦስቱ ተደምረው 15 ፈረስ ገደማ ይሆናሉ፤ ሶፍትዌሩ ገና አልተነካም! ስለዚህ ያው ሰው፣ ያው ነዳጅ፣ ያው የጎማ ንፋስ፣ በሄዳችሁበት መንገድ ተመልሳችሁ የሁለቱን አቅጣጫ አማካይ መውሰድ ግዴታ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም አለ፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብትወጡ ይሻላል።

የት? ከተማ ውስጥ አይታሰብም። የባሕር ዳር መንገድ የብስክሌትና የባጃጅ ነው። ወደ ወረታ ስትሄዱ የፎገራ ሜዳ ለልኬት የተሠራ ይመስላል፤ ደልዳላ ነው። ግን ያ መንገድ የከብትና የገበያተኛ ነው፣ በተለይ በገበያ ቀን። ለ5 ፈረስ ልዩነት የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ አይገባም። ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ፣ ከሩቅ የሚታይ መንገድ ካላገኛችሁ ይህን ዘዴ ተዉት። ከ90 በላይ መሄድም አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ማርሽ እስከዚያ ድረስ ሊለካ የሚገባውን ዙር አብዛኛውን ይሸፍነዋል።

ሎግ

ወደምወደው ደረስን። ርካሽ የኦቢዲ መሣሪያ (የመኪናው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ)፣ ስልክ ወይም ላፕቶፕ፣ ከዚያ ጥቂት ሰከንድ የሚቆይ አንድ ረገጣ። ከአራቱ "ስንት ጨመረ?" ብቻ ሳይሆን "ለምን?" የሚለውን የሚመልስ ይህ ብቻ ነው።

አየር የሚቆጥር ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ በግራም በሰከንድ የሚለውን መስመር ፈልጉ። ቤንዚን ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰከንድ 0.8 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። 160 ግራም ካያችሁ ወደ 200 ፈረስ ነው። ግምት ነው፤ ነገር ግን በፊትና በኋላ ያለውን መቶኛ ለማወዳደር በጣም ይጠቅማል። ሴንሰሩ የሌላቸው መኪኖች የማኒፎልድ ግፊትን ይሰጣሉ፤ እሱም ይሠራል።

ከአየሩ ጎን እነዚህን አብራችሁ ቅዱ፦ ዙር፣ የተጠየቀ ግፊት፣ የተገኘ ግፊት፣ የሚገባው አየር ሙቀት፣ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት)፣ በየሲሊንደሩ የተቀነሰ ታይሚንግ፣ የዌስትጌት (ጭስ ቱርቦውን ሳያዞር እንዲያልፍ የሚከፈተው በር) አቀማመጥ። ብዙ መስመር ባበዛችሁ ቁጥር ርካሽ መሣሪያ ስለሚዘገይ በሁለት ዙር ከፋፍሉት።

አንድ ሎግ ቀርበን እንይ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ከላይ ባየነው ስሌት ግን ባሕር ዳር ላይ የሚጠበቀው መልክ ይህ ነው።

3,500 ዙር ላይ ያልተነካው መኪና 2.0 ባር ነበረው። የተቱነው 2.4 ተጠየቀ፣ 2.4 ሰጠ። አየሩ ከ121 ወደ 143 ግራም ወጣ። ወደ ፈረስ ስትለውጡት ከ151 ወደ 179፤ 28 ፈረስ ተጨምሯል። በጣም ጥሩ። ከተማ ውስጥም፣ መኪና ስትቀድሙም የሚሰማችሁ ይህ ነው።

5,500 ዙር ላይ ድሮ 1.8 ነበር። አሁን 2.3 ተጠየቀ፣ የመጣው 2.05 ነው። ዌስትጌቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ ቱርቦው ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው፣ ሌላ የለውም። ሙቀቱም ከ45 ወደ 55 ዲግሪ ወጥቷል። አየሩ ከ172 ወደ 190። ጭማሪው 22 ፈረስ።

6,000 ላይ ድሮ 1.72፣ አሁን 2.2 ተጠይቆ 1.85። አየሩ ከ179 ወደ 187 ብቻ። 10 ፈረስ።

አሁን የታይሚንጉን መስመር እዩ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ኮምፒውተሩ 4.5 ዲግሪ ቀንሷል። ማንኳኳት ሰምቶ ነው። ያ ማለት የገባው አየር በሙሉ ወደ ጉልበት አልተለወጠም፤ ያ 10 ፈረስ ምናልባት የለም። የተከፈለው ለ70 ፈረስ ነበር።

ይህን ስታዩ "ተጭበረበርኩ" ብላችሁ ወደ ጋራዥ አትሩጡ። ፋይሉን የጻፈው ሰው ያሰበው ከባሕር ጠለል አጠገብ ላለ አየር ነው። ሎጉ ግን ምን መስተካከል እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ከ5,000 ዙር በላይ የሚጠየቀው ግፊት ቱርቦው በእርግጥ ወደሚሰጠው ይውረድ። ታይሚንጉም ትንሽ ይታረቅ። ጉልበቱ ምንም አይቀንስም። ቱርቦው ግን እፎይ ይላል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። አንዳንዴ ጭራሽ ጉልበት ይጨምራል።

ሎግም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቤንዚኑ በፊትም በኋላም ከአንድ ማደያ ይሁን። ካንዴላው ያረጀ ከሆነ ከመጀመሪያው ልኬት በፊት ቀይሩት፤ አለዚያ የአዲስ ካንዴላን ጥቅም ለሶፍትዌሩ ትሰጡታላችሁ። የአየር ፊልትሮም እንዲሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ወዲያው ብትረግጡት ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ስለጋለ ቁጥሩ ይወርዳል። ትንሽ ነድታችሁ የሚገባው አየር ሙቀት ሲረጋጋ ጀምሩ። አውቶማቲክ ወይም ዲኤስጂ ከሆነ በማኑዋል አድርጉት፤ ሲረገጥ ማርሽ ከቀየረ ሎጉ ይበላሻል።

ምን እንዳስገባችሁ መለኪያውን ይወስናል

ሪማፕ ካደረጋችሁ፣ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱ ከተጻፈ፣ ሎግ ይበቃል። ሰዓቱን ማረጋገጫ አድርጉት።

በሴንሰርና በኮምፒውተር መካከል የሚሰካ ትንሽ ሣጥን ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የሣጥኑ አሠራር ኮምፒውተሩን መዋሸት ነው። ግፊቱ 2.3 ሆኖ ሳለ "2.0 ነው" ብሎ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ሎጋችሁ የሚያነበው ያንኑ የተዋሸውን 2.0 ነው። ስለዚህ በሣጥን ላይ የግፊት ሎግ ዋጋ የለውም። የአየር ቆጣሪ ሴንሰር ካለና ሣጥኑ ካልነካው እሱን መጠቀም ይቻላል፤ ከሌለ ጂፒኤስ ወይም ያልተስተካከለ የዳይኖ ቁጥር ነው መፍትሔው። ሣጥን ቶሎ ስለሚነቀል የሚወዱት አሉ። እኔ ግን እዚህ ከፍታ ላይ አልመርጠውም። ቱርቦው ገደቡ ላይ መድረሱን ኮምፒውተሩ እንዳያውቅ ያደርጋልና።

ስቴጅ 2 የሚባለው ሰፊ ዳውንፓይፕ (ከቱርቦው የሚወጣው የጭስ ቧንቧ) ይጨምራል። ጭሱ በቀላሉ ስለሚወጣ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። አየር የሚጨምቀው ጎን ያለበትን የ2.9 እጥፍ ጣጣ ግን አይፈታውም። ባሕር ዳር ላይ ገንዘብ ካላችሁ ከዳውንፓይፕ በፊት ትልቅ ኢንተርኩለር አስገቡ። ቱርቦው እዚህ አየሩን ከጠረፉ የበለጠ ያሞቃል፤ ያንን ሙቀት የሚያወርደው ደግሞ ኢንተርኩለሩ ነው። ልዩነቱም ሎጉ ላይ ወዲያው ይታያል፦ የሚገባው አየር ሙቀት ይወርዳል፣ የተቀነሰው ታይሚንግ ይመለሳል።

ከፋይል ፋይልም ይለያል። ለሁሉም የሚሸጥ የተዘጋጀ ፋይል ርካሽ ነው፤ ግን ከፍታችሁን አያውቅም። በሎግ እየታየ የሚስተካከል ፋይል ትንሽ ይወደዳል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ለኛ አገር ከፍታ ሌላ ምርጫ ያለ አይመስለኝም። ቱነሩን ስታነጋግሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁን አስተውሉ። "ስቶክ (ያልተነካውን መኪና) ሎግህን ላክልኝ፣ ባሮሜትሩ ስንት ይላል፣ የምትቀዳው ምን ኦክቴን ነው?" ካለ ሥራውን ያውቃል። ዋጋ ብቻ ነግሮ "ነገ ና" ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ክፍያውንም ከሎግ ጋር አያይዙት። ግማሹን ፋይሉ ሲጫን፣ ግማሹን የመጨረሻው ሎግ ሲታይ። ያልተነካውን መኪና ሎግና የፋብሪካውን ሶፍትዌር ቅጂ በፍላሽ አስቀምጡ። እነሱ ከሌሉ ከማን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

የቀረውን ግማሽ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ታቦር ውጡ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው 2,700 ሜትር ይደርሳል፤ ግፊቱም ወደ 74 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ባሕር ዳር ላይ በጥቂቱ የጎደለው ግፊት እዚያ ላይ በሰፊው ይጎድላል። ዳገቱ ላይ፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ አንድ አጭር ሎግ ውሰዱ። የተጠየቀውና የተገኘው በጣም ከተራራቁ፣ ወይም ቼክ ኢንጅን በርቶ መኪናው ጉልበቱን ከቆረጠ፣ ያንን ሎግ ለቱነሩ ላኩለት። ፋይሉ ግፊቱን ከባሮሜትሩ ጋር አብሮ እንዲያወርድ አድርጎ ይጻፈው። ሲመልስላችሁ እዚያው ዳገት ላይ ደግማችሁ ለኩት።